እኔን አውጥተው እናቴን ውስጡ የረሱት ጽሑፍ

ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ኮሚቴው ሐሙስ ከመቀመጡ በፊት

ጉዳዩ፦ የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ ሰርቀሻል መባሌን ስለመቃወምና የታተመው ጽሑፍ እውነተኛ ባለቤት እንዲጣራ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የጻፍኩት ከቢሮዎ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ወረቀቴን አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። ወንበር ስላጣሁ አይደለም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ጸሐፊዎ “ልጄ፣ ዞር ዞር በይና ተመለሺ” ብለውኛል፤ ዞር ዞር ማለቱን ቀድሜ ጀምሬው ስለነበር ትእዛዛቸውን ለመፈጸም አልተቸገርኩም። የእጅ ጽሑፌ ቢጣመም ቆሜ ስለጻፍኩ እንጂ ከጥፋተኝነት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

1. እኔ አመልካች በዚህ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና ማኅበረሰብ ጥናት ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ በወጣው ደብዳቤ የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛና አራተኛ ምዕራፎች “ቀደም ሲል ከታተመ የምርምር ጽሑፍ ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ሆነው በመገኘታቸው” የጽሑፍ ስርቆት ፈጽመሻል ተብያለሁ። ጽሑፌ በገምጋሚዎች ፊት የሚቀርብበት ቀጠሮ ተሰርዟል። ስሜም በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ጃንጥላ ጠፍቶብኛል ከሚል ማስታወቂያ ጎን ተለጥፏል። ሐሙስ ኮሚቴው ተቀምጦ ከትምህርቴ መባረሬን ወይም አለመባረሬን ይወስናል።

2. የጽሑፎችን መመሳሰል የሚለካው ሶፍትዌር አልዋሸም። ሁለቱ ጽሑፎች በእርግጥ አንድ ናቸው። ሶፍትዌሩ ማን ቀድሞ እንዳሳተመ ያያል፤ ማን ቀድሞ እንደጻፈ ግን አያይም። ቀድመው ያሳተሙት አማካሪዬ ናቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ አቤቱታ ውስጥ አንቱ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ያደግሁበት ልማድ ስለሆነ ነውና ሌላ ትርጉም አይሰጠው።

3. ጥናቴ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ስለሚጠቀሙበት የእጅ ንግግር ነው። በዚያ አዳራሽ ማሽኖቹ ከተነሱ በኋላ የሰው ድምፅ ዋጋ የለውም። ጆሮ ሥር ገብቶ የሚጮህ ሰው እንኳ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ከመታየት በቀር አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ በእጃቸው ያወራሉ። ክር መበጠሱን፣ ፈረቃ መድረሱን፣ የማን ልጅ እንዳመመው፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ በጣትና በቅንድብ ይባባላሉ። ይተራረባሉ፤ በእጅ ተረብ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አይቻለሁ።

እናቴ ወጣትነቷን በዚያ አዳራሽ ጨርሳለች። ጆሮዋንም እዚያው ትታለች፤ ዛሬም የምትሠራው እዚያው ነው። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ሁለት ቋንቋ ነበር። አንዱን እናቴ ጎረቤት እስኪሰማ እየጮኸች ትናገረዋለች፤ ሁለተኛውን በእጇ። የምትቆጣኝ በእጇ ነበር። በምልክት ማለቴ ነው፤ በሌላውም አልቀረልኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ “የምርምር ርዕስ ምረጡ” ስንባል ሌሎች ቤተ መጻሕፍት ሲሮጡ እኔ ወደ ቤት የሄድኩት ለዚህ ነው።

4. በትምህርት ክፍላችን አንድ ልማድ አለ። አማካሪዬ የተማሪ ረቂቅ ሲቀበሉ የሽፋን ገጹ እንዲወጣ ያዛሉ። “ስም ሳይ አድልዎ ይይዘኛል። እኔ የማርመው ጽሑፉን ነው፣ ሰውየውን አይደለም” ይላሉ። ይህን ስንሰማ ምን ያለ ንጹሕ ሰው ነው እንባባል ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ኮማ እያደኑ ስለሚያርሙ “ኮማ” የሚል ቅጽል ስም አውጥተንላቸዋል፤ ያወጣንላቸውም በፍቅር ነበር። እኔም ሽፋኑን አውጥቼ፣ ስሜን ከየገጹ ግርጌ አጥፍቼ፣ ረቂቁን በኮምፒውተር ፋይል ላክሁላቸው። ይኸውና በዩኒቨርሲቲያችን ባለቤት የሌለው ጽሑፍ የሚመረተው እንደዚህ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ስሙን ፍቆ ያስረክባል። መቀበላቸውን የሚያሳይ ማኅተምም ፊርማም የለም።

5. ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። በኮሪደር ሳገኛቸው “እያየሁት ነው” ይሉኛል። ሌላ ጊዜ “ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፣ ሁለተኛው ምዕራፍሽ ጠንካራ ነው” ይሉኛል። ሴሚስተሩ አልቆ ሌላው ሲጀመርም ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነበሩ። ለካ ሦስተኛውና አራተኛው ወደ አንድ የምርምር መጽሔት ሄደዋል። ጽሑፉ በስማቸው ከታተመ በኋላ ረቂቄን “ጥሩ ነው፣ አስገቢው” ብለው መለሱልኝ። አንድ ኮማ አላረሙበትም። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

6. የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ በቀጥታ ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። ከጠረጴዛቸው በስተኋላ ግድግዳው ላይ “የሰው ሐሳብ ሲጠቀሙ ምንጩን ይጥቀሱ” የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። የጽሑፍ ስርቆትን ስለመከላከል ለሁላችንም ሥልጠና በሰጡበት ወቅት የተዘጋጀ ነው። በሥልጠናው ላይ “የትእምርተ ጥቅስ ምልክት እንደ ሰው በር ነው፣ ሳያንኳኩ አይገባም” ብለው አስቀውን ነበር። ያን ዕለት እኔም አንኳኩቼ ነው የገባሁት።

“ተቀመጪ እስቲ፣ ምን አስቸኮለሽ” አሉኝ። ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። “አንቺ ደግሞ፣ ምስጋናው ውስጥ አስገብቼሽ የለ” አሉኝ። ምስጋናው “መረጃ በመሰብሰብ ለተባበረችን ተማሪ” ይላል። ስም የለውም አልኳቸው። “ያው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማን ተባበረኝ?” አሉ። ቀጥለውም እኔ ገና ልጅ እንደሆንኩ፣ ገና ብዙ እንደምጽፍ፣ እርሳቸው ግን የማዕረግ ዕድገታቸው በዚህ ጽሑፍ ላይ እንደተንጠለጠለ አስረዱኝ። “ርዕስ ቀይሪና አዲስ ጻፊ፤ ኮሚቴውን እኔ አናግረዋለሁ፤ ነገሩን በቤታችን እንጨርሰው። አማካሪና ተማሪ አባትና ልጅ ማለት ነው” አሉ።

ኮሚቴውን አናግረዋለሁ ማለታቸው ጉራ አይደለም። ሐሙስ በእኔ ላይ የሚቀመጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ እርሳቸው ናቸው።

7. አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እገባለሁ። የቀረውን ለማንበብ ጊዜ ባይኖርዎ ይህን ብቻ ያንብቡልኝ።

በሦስተኛው ምዕራፌ፣ መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ በሚገልጸው ክፍል፣ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ “ከተሳታፊዎቹ አንዷ የዚህ ጥናት አቅራቢ ወላጅ እናት በመሆናቸው፣ ውጤቱ በዝምድና እንዳይዛባ የእርሳቸው ቃለ መጠይቅ በሌላ ሰው ተካሂዷል።” ዝምድና ካለ ሳይደበቅ ይገለጽ የሚለውን ደንብ ያስተማሩኝ አማካሪዬ ናቸው። እናቴን በእርግጥም እኔ አልጠየቅኋትም፤ የክፍል ጓደኛዬ ነች የጠየቀቻት።

ይህ ዓረፍተ ነገር አማካሪዬ ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ቃል በቃል አለ። እንደ ጽሑፉ ከሆነ የአማካሪዬ ወላጅ እናት በፋብሪካው ሽመና ክፍል ይሠራሉ። አማካሪዬ ግን በየክፍሉ እንደሚነግሩን እናታቸው ርዕሰ መምህርት ነበሩ፤ ካረፉም ቆይተዋል። በጥናቱ ከተሳተፉት ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እናቴ ናት። አማካሪዬ ከእናቴ ይበልጣሉ።

እኔን ከጽሑፉ አውጥተው እናቴን ውስጡ ረስተዋታል።

ጽሑፉን ከእናቴ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ከንፈሬን እንድታነብ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። እዚህ ቦታ ስደርስ አስቆመችኝና ደግመሽ አንብቢ አለችኝ። ደገምኩላት። “እኔ ይህን የሚያህል ሽማግሌ መቼ ወለድኩ? ምጡንስ ማን አማጠልኝ?” ብላ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፅዋ ሳቀች፤ ጎረቤታችን ደህና ናችሁ ወይ ብላ መጣች። ቢሯቸው ውስጥ አባትና ልጅ ነን ያሉኝ ሰው በጽሑፋቸው ወንድሜ ሆነው ተገኙ ማለት ነው።

ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ምክንያቱን በሚቀጥለው አንቀጽ አስረዳለሁ።

8. ከረቂቄ ጋር ለአማካሪዬ የላክሁት አንድ አባሪ ነበር። ሴቶቹ ከአለቆቻቸው ዓይን ለመጠበቅ የሚጠቀሙባቸውን ምልክቶች በቃላት ይገልጻል፦ “የፈረቃ ኃላፊው መጣ”፣ “አሞሻል፣ ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ፣ ማሽንሽን እኔ አይልሻለሁ”፣ የመሳሰሉትን። አባሪው አናት ላይ “ለአማካሪ ብቻ፤ የማይታተም” ብዬ ጽፌያለሁ። ሴቶቹ እነዚህን ምልክቶች ያሳዩኝ እንደማይወጡ ቃል ስለገባሁላቸው ነው። ቃል የገባሁት ደግሞ በባዶ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ባለበት የፈቃደኝነት ቅጽ ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

አማካሪዬ “የማይታተም” የሚለውን ቆርጠው አባሪውን አሳተሙት። ይህ እንዳይበቃ አንድ ቅጂ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በስጦታ መልክ ላኩ። ዛሬ የፈረቃ ኃላፊው ምልክቶቹን ያውቃቸዋል። አንዷ ሴት ጓደኛዋን ፊቷን እንድትታጠብ ስትልክ ከኋላዋ ቆሞ ያንኑ ምልክት በራሱ እጅ አሳያት ተብሏል፤ እየሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም በማስጠንቀቂያ ነው የሚሠሩት።

ሴቶቹ የምርምር መጽሔት አያነቡም፤ ማን በማን ስም እንዳሳተመም አያሳስባቸውም። የሚያውቁት ምልክቱን ለእናቴ ልጅ እንዳሳዩና ምልክቱ እንደወጣ ነው። “ልጅሽ እጃችንን ሸጠችው” ብለዋታል። አሁን እናቴ ወደ ማሽኗ ስትሄድ እጆች ይቆማሉ። አንዷ እጇን በሽርጧ ኪስ ትከታለች፣ ሌላዋ ክር የምታስተካክል ትመስላለች። ክቡር ሆይ፣ ጆሮዋ የማይሰማ ሴት ባለችበት አዳራሽ እጅ ከቆመ ዓለም ሙሉ ዝም አለ ማለት ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ስለ ማንም አታወራልኝም። የማን ልጅ እንዳመመው እንኳ አታውቅም።

በዩኒቨርሲቲው ሌባ ነኝ፣ በሽመና ክፍሉ ደግሞ ሻጭ። ሁለቱንም ስም የሰጠኝ አንድ ጽሑፍ ነው፤ ሁለቱንም የሚያነሳልኝ ጽሑፉ የማን እንደሆነና ማን እንዳሳተመው በይፋ ሲነገር ብቻ ነው።

9. ምስክሬ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። እናቴን የጠየቀቻት እርሷ ስለሆነች እንድትመሰክርልኝ ለመንኳት። “እህቴ፣ እውነቱን አውቃለሁ፤ ግን የእኔም ረቂቅ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽፋኑን አውጥቼ ነው የሰጠኋቸው” አለችኝ። አልፈርድባትም። ትንሽ እፈርድባታለሁ።

10. ስለዚህ የቀረችኝ ራሷ እናቴ ናት። ይህም ቀላል አልሆነልኝም። የተሳታፊዎቼን ማንነት አልገልጽም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ እናቴም ተሳታፊ ናት። የእኔን ንጽሕና ለማስረዳት የእርሷን ስም ብሰጥ አማካሪዬን የምከስስበትን ጥፋት ራሴ መፈጸሜ ነው። ይህን በማውጠንጠን ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል እናቴ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። “ቃል የገባሽው አንቺ ነሽ፤ ቃልሽን ጠብቂ፣ ስሜን ለማንም እንዳትሰጪ” አለችኝ። “እኔ ግን ቃል አልገባሁም። በራሴ እግር እሄዳለሁ።”

ስሟ በዚህ አቤቱታ ውስጥ የሌለው ለዚህ ነው። የፋብሪካው ስምም የለም።

11. የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) አማካሪዬ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰብሳቢነት ይነሱ። የተከሰስኩት ከእርሳቸው ጽሑፍ ወስደሻል ተብዬ ነው፤ ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ሆኖ ፍርድ አልጠብቅም።

ለ) አባሪው ከመጽሔቱ ድረ ገጽ ዛሬውኑ ይነሳ። የባለቤትነቱ ክርክር እስኪያልቅ አይጠበቅ፤ ሴቶቹ በየፈረቃው እየተጎዱ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ለፋብሪካው ሴት ሠራተኞች፣ ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለሴቶቹ፣ ጥፋቱ ከማን እንደመጣ ገልጾ ይቅርታ ይጠይቅ። የይቅርታው ደብዳቤ ተነቦ አያልቅ፤ እንዲያዩት በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ። የእኔን ስም ለመለጠፍ ሰሌዳ አልጠፋም።

ሐ) ሽፋን አውጥቶ ረቂቅ የማስረከብ ልማድ ይቅር። ተማሪ ረቂቁን ከነስሙ ለትምህርት ክፍሉ ያስመዝግብ፤ አማካሪም ፈርሞ ይቀበል። የመመሳሰል መለኪያው ውጤትም የምርመራ መነሻ እንጂ ፍርድ አይሁን። ይህን የምለው ለራሴ አይደለም፤ የእኔ አልፏል። ጓደኛዬን ጨምሮ ስንት ሽፋን የሌለው ረቂቅ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አላውቅም።

መ) በእኔ ላይ የወጣው ክስ ተሰርዞ ጽሑፌ በገምጋሚዎች ፊት እንዲቀርብ ይፈቀድ። ርዕስ አልቀይርም። የሚሻል ርዕስ ስለሌለኝ አይደለም፤ ይህ የእኔ ስለሆነ ነው።

12. አንድ የመጨረሻ ነገር። በጥናቴ ውስጥ ምልክቶቹን በእጄ የሣልኩባቸው ሥዕሎች ነበሩ። በወፍራም ወረቀት ላይ ስለነበሩ ለመጨረሻው ቅጂ ብዬ ከእኔ ጋር አስቀርቻቸው ነበር፤ ለአማካሪዬ የላክሁት ጽሑፉን ብቻ ነው። የታተመው ጽሑፍ ስለ መጠራሪያው ምልክት ሲናገር “ሠራተኞቹ ከሩቅ የሚጠራሩት በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው ነው” ይላል። በመጽሔቱ ላይ ግን ሥዕል የለም። ቢፈለግም አይገኝም፤ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ምልክቱን በዚህ አቤቱታ ውስጥ ሆን ብዬ አልገለጽኩትም።

ሐሙስ እናቴ ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች። እዚሁ ኮሪደር ላይ፣ ይህን ከምጽፍበት መስኮት አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስሟ ቢጠራ አትሰማም፤ ጸሐፊዎም በጩኸት እንዳይደክሙ እለምናለሁ። ሌላ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት በሩ ይከፈትና አማካሪዬ ደፉ ላይ ቆመው በጽሑፋቸው “እናቴ” ያሏትን ሴት እንዲጠሯት ዕድል ይሰጣቸው።

ጥናቱ የእርሳቸው ከሆነ እንዴት እንደምትጠራ ያውቃሉ። ያን ጊዜ ተነሥታ ትገባለች፤ እኔም ያለ ክርክር ዩኒቨርሲቲውን ለቅቄ እሄዳለሁ። ካላወቁ ግን ኮሚቴው ወደ እኔ ይዙር፤ እኔ እጠራታለሁ።

እስካሁን ካልተወሰደብኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካች፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ
የጥናቱ አቅራቢ፣ የተሳታፊዋም ልጅ

ግልባጭ፦
ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ
ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ
ለአማካሪዬ፣ ከጀርባዬ አማችኝ እንዳይሉ